ዳግም የተነሡ የሰዓት ማሽኖች፦ ነገስ ማን ይጠግናቸዋል?

ኦሜጋ የተባለው የስዊስ ሰዓት አምራች በጥር 2019 ከሃምሳ ዓመት በፊት መሥራት ያቆመውን አንድ የሰዓት ማሽን እንደገና ማምረት መጀመሩን አስታወቀ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ማሽኑ ካሊበር 321 ይባላል። የተሻሻለ ስሪት አይደለም፤ መልኩ ብቻ የጥንቱን እንዲመስል ተደርጎ ውስጡ ሌላ የሆነም አይደለም። አሠራሩ ያው የጥንቱ ነው፦ በሰዓት 18,000 ጊዜ ይመታል፣ በየሁለት ቀኑ በእጅ ካልሞሉት ይቆማል። ዛሬ ከዚህ በተሻለ ትክክል የሚቆጥር የባትሪ ሰዓት በማንኛውም ገበያ በርካሽ ይገኛል። ታዲያ አንድ ትልቅ ኩባንያ ገንዘቡንና የተመረጡ ባለሙያዎቹን በዚህ ላይ ለምን ያፈስሳል?

321 በመሠረቱ ሌማኒያ የተባለ የስዊስ ፋብሪካ ሥራ ነው። አልበርት ፒጌ በ1940ዎቹ መጀመሪያ የነደፈው ክሮኖግራፍ ነው፤ ማለትም ጊዜ ከመቁጠሩ ሌላ እንደ ሩጫ መለኪያ በቁልፍ የሚነሣና የሚቆም ተጨማሪ ሥርዓት አለው። ይኸው ንድፍ መሠረቱ ሳይለወጥ በፓቴክ ፊሊፕና በቫሸሮን ኮንስታንታን እጅግ ውድ ሰዓቶች ውስጥም ገብቷል። ኦሜጋ ግን በ1957 ባወጣው ስፒድማስተር ውስጥ አስገባው። በ1965 አሜሪካዊው ኤድ ዋይት ከጀሚኒ 4 መንኮራኩር ወጥቶ በጠፈር ሲንሳፈፍ እጁ ላይ የነበረው ይህ ማሽን ነው። በሐምሌ 1969 ሰው ጨረቃን ሲረግጥም አብሮ ነበር። የሚገርመው፣ ያኔ ፋብሪካው ማሽኑን ትቶት ነበር። በ1968 በቦታው 861 የተባለውን ተክቶ ነበርና። አዲሱ በፈጠነ ምት የሚሠራ፣ ለማምረትም የሚቀል ነበር።

ሲመለስ የመጣበት መንገድ ደግሞ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ጥቂት ሰዎች ከሁለት ዓመት በላይ በምሥጢር ሠሩበት። የድሮ ንድፎችን ሰበሰቡ። በ1972 በአፖሎ 17 ሄዶ በጨረቃ ላይ የተራመደ የመጨረሻው ሰው፣ ጂን ሰርናን፣ ያደረገውን ስፒድማስተር ከሙዚየም አውጥተው፣ ሐኪም የታማሚን ሆድ ሳይቀድ እንደሚያይ ሁሉ፣ ሳይፈቱት ውስጡን በጨረር አነበቡት። አሁን በቢየን ከተማ ለዚህ ማሽን ብቻ በተለየ ክፍል ውስጥ አንድ ሰዓት ሠሪ አንዱን ሰዓት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብቻውን ይገጣጥመዋል።

ይህ የኦሜጋ ብቻ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ የአንድ ኩባንያ ናፍቆት ብለን እናልፈው ነበር። ነገር ግን ባለፉት ሃያ ዓመታት የቆሙ ማሽኖችን ማንሣት የሙያው አንድ ትልቅ አቅጣጫ ሆኗል። አንዱ ንድፉን ከወረቀት ያነሣል፣ ሌላው ከመጋዘን የተረሱ ማሽኖችን አውጥቶ ያድሳል፣ ሌላው ከሌላ አገር ፋብሪካ የገዛውን ማሽን እስከ ዛሬ ያመርታል። ሁሉም «ዳግም ልደት» እያሉ ይሸጣሉ። እኔ ግን አንድ መለኪያ አለኝ፤ ጽሑፌም በዙሪያው ነው። ማሽን ዳግም ተወለደ የሚባለው እንደገና መጠገን ሲቻል ነው። ሰዓት ሠሪ ሊፈታው፣ የተሰበረውን ክፍል ሊተካለት፣ ለሚቀጥለው ትውልድ ሊያስረክበው ካልቻለ፣ በወርቅና በፕላቲነም ተለብጦ ቢመጣም ለኤግዚቢሽን የቆመ ዕቃ ነው።

መለኪያው ለምን ይህ እንደሆነ ለመረዳት ማሽኖቹ እንዴት እንደ ጠፉ ማየት ያስፈልጋል። በታኅሣሥ 25 ቀን 1969 የጃፓኑ ሰዓት አምራች ሴኮ ቶኪዮ ውስጥ አስትሮን የተባለውን የመጀመሪያውን የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ለገበያ አወጣ። በባትሪ የሚሠራው ይህ ሰዓት በወር የሚስተው ከጥቂት ሰከንዶች አይበልጥም ነበር። የጊዜው ምርጥ የሞላ ሰዓት በአንድ ቀን ብቻ ያን ያህል ሊስት ይችላል። ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁሉም ያውቀዋል። በ1970 ወደ 90,000 ገደማ የነበረው የስዊስ ሰዓት ሠራተኛ በ1980ዎቹ አጋማሽ ወደ 30,000 ወረደ። ብዙ ጊዜ የማይነገረው ግን ከሠራተኛው ጋር ምን እንደ ጠፋ ነው። የሰዓት ማሽን ክፍሎች የሚቆረጡባቸው ቅርጾች፣ የመቁረጫ መሣሪያዎች፣ የሥራ ቅደም ተከተል የተጻፈባቸው ደብተሮች በኪሎ እየተመዘኑ ለብረት አቅላጭ ተሸጡ። ንድፍ በወረቀት ሊተርፍ ይችላል። ከሁለት መቶ በላይ ጥቃቅን ክፍሎችን እያንዳንዱን በብዙ እርምጃ የሚያወጣ የመሣሪያ ስብስብ ግን አንዴ ከቀለጠ እንደገና መገንባቱ ለብዙ ፋብሪካ ከአቅም በላይ ነው።

ለዚህ ነው ሻርል ቬርሞን ከማናቸውም የሰዓት ነዳፊ አስበልጬ የማከብረው። ቬርሞ በለ ሎክል ከተማ በሚገኘው የዘኒት ፋብሪካ የወርክሾፕ ኃላፊ ነበር። ዘኒት በጥር 1969 ኤል ፕሪሜሮ የተባለውን ክሮኖግራፍ ለዓለም አሳይቶ ነበር። በሰዓት 36,000 ጊዜ የሚመታ በመሆኑ የሰከንድን አንድ አሥረኛ መለካት ይችላል። በራሱ የሚሞላ ክሮኖግራፍ ለመሥራት በዚያ ዓመት ከተሽቀዳደሙት አንዱ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ግን የፋብሪካው ባለቤት በሬዲዮና በቴሌቪዥን የሚታወቀው የቺካጎው ዘኒት ሬዲዮ ሆነ። በ1975 ከቺካጎ ትእዛዝ መጣ፦ የሞላ ሰዓት ሥራ ይቁም፣ መሣሪያው ይሸጥ። ቬርሞ ቢያንስ አንዲት ትንሽ ክፍል እንድትተርፍ አለቆቹን በደብዳቤ ለመነ። አልሰሙትም።

ከዚያ ያደረገው ነገር ትእዛዝ መጣስ ነበር። የኤል ፕሪሜሮን መቁረጫዎች፣ ካም የተባሉ መሪ ብረቶችና የሥራ ሰነዶች ቀስ በቀስ ወደ ፋብሪካው ሰገነት አወጣ፤ በግድግዳ ጀርባ ሸሸገ። መደበቁ ብቻ አልበቃውም። እያንዳንዱ መሣሪያ የትኛውን ክፍል እንደሚሠራና በምን ቅደም ተከተል እንደሚገባ ጽፎ በደብተር አስቀመጠ። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ይህ ሁለተኛው ነው። ብረቱን ብቻ ቢያተርፍ ኖሮ ከዓመታት በኋላ የሚመጣ ሰው አቧራ የለበሰ፣ ምንነቱ የማይታወቅ የብረት ክምር ነበር የሚያገኘው። ቬርሞ ዕውቀቱንም አብሮ አስቀመጠ።

በ1978 ፋብሪካው ወደ ስዊሶች እጅ ተመለሰ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ኤቤል የተባለው ድርጅት ክሮኖግራፍ ሲፈልግ፣ ቀጥሎም ሮሌክስ ዴይቶና ለተባለው ሰዓቱ በራሱ የሚሞላ ማሽን ሲያስፈልገው፣ ሰገነቱ ተከፈተ። ከ1988 እስከ 2000 በዴይቶና ውስጥ የነበረው ማሽን መሠረቱ ኤል ፕሪሜሮ ነው። ሮሌክስ ብዙ ነገሩን ቀየረ፤ ምቱንም ወደ 28,800 ዝቅ አደረገው። ዝግ ብሎ የሚመታ ማሽን ዘይቱ ቶሎ አይደርቅበትም፣ ክፍሎቹም ቶሎ አይበሉም። ይህ ለኤል ፕሪሜሮ ስድብ መስሎ የሚታያቸው ሰብሳቢዎች አሉ። እኔ ግን ሮሌክስ ማሽኑን ለሚጠግነው ሰው ያሰበ ይመስለኛል።

የቬርሞ ታሪክ በሰዓት አፍቃሪው ዘንድ የታወቀ ነው፤ ኩባንያውም ሰገነቱን ለጎብኚ ያሳያል። ከዚህ ያላነሰ ሆኖ ሳለ በቂ ክብር ያላገኘ ሌላ ታሪክ ግን በቻይና አለ። ቬኑስ የተባለ የስዊስ ፋብሪካ 175 ብሎ የሰየመው ክሮኖግራፍ ነበረው። መነሣትና መቆሙን የሚያዘው ባለ ዓምድ ጎማ የሚባል ለመሥራት አድካሚ፣ ሲነኩት ግን ለስላሳ የሆነ ክፍል ነው። በ1960ዎቹ መግቢያ ቬኑስ የ175ን መሣሪያዎች ለመሸጥ ወሰነ። ገዢው የቻይና መንግሥት ነበር። ለአየር ኃይሉ አብራሪዎች የሚሆን ክሮኖግራፍ እንዲሠራ የቲያንጂን ሰዓት ፋብሪካ ታዘዘ፤ ሥራውም ፕሮጀክት 304 ተባለ። የቲያንጂን ሠራተኞች የእጅ ሰዓት መሥራት ከጀመሩ ገና ጥቂት ዓመታቸው ነበር። ክሮኖግራፍ ደግሞ የሙያው ከባዱ ፈተና ነው። የመጀመሪያ ናሙናዎቻቸው በ1963 ወጡ።

ቬኑስ ራሱ ብዙም ሳይቆይ ቫልዡ ከተባለ ሌላ የስዊስ ፋብሪካ ጋር ተቀላቅሎ ስሙ ከገበያ ጠፋ። ማሽኑ ግን በቲያንጂን ቀረ። ሲጋል በሚል ስም የሚታወቀው ይኸው ፋብሪካ ST19 ብሎ እስከ ዛሬ ያመርተዋል። በ1963ቱ የአየር ኃይል ሰዓት አምሳያና በብዙ ትናንሽ የአውሮፓ ስያሜዎች ውስጥ በጥቂት መቶ ዶላር ይሸጣል። የተወለወለው እንደ ስዊሱ አይደለም፤ የጥራት ቁጥጥሩም አንዳንዴ ይላላል። ነገር ግን ባለ ዓምድ ጎማ ክሮኖግራፍ መግዛት የሚችለውን ሰው ቁጥር ያበዛ፣ ሲበላሽም ክፍሉን በቀላሉ ማግኘት የሚቻልበት እሱ ነው። ጀማሪ ሰዓት ሠሪ ሊማርበት ይገዛዋል፤ ቢሰብረውም አይከስርም። ከዳግም ልደቶች ሁሉ በዝምታ የተፈጸመው ይህ ነው፤ በእኔ ሚዛን ግን ከሁሉም ይከብዳል።

አሁን ወደ ዘኒት ልመለስ፤ ሁለት ዓይነት ትንሣኤ በአንድ ማሽን ላይ ጎን ለጎን የታየው እዚያ ነውና። ኤፍሬም ዦባን በ1940ዎቹ መጨረሻ ካሊበር 135ን ነደፈ። ለውድድር የታሰበ ማሽን ነበር። በኖሻቴል የሥነ ፈለክ መመልከቻ ጣቢያ ሰዓቶች በተለያየ አቀማመጥ፣ በቅዝቃዜና በሙቀት ለሳምንታት እየተፈተኑ በነጥብ ይወዳደሩ ነበር። ለእጅ ሰዓት የተፈቀደው የማሽን ስፋት 30 ሚሊሜትር ብቻ ነበር። ዦባን ያንን ጠባብ ቦታ እንዴት እንደሚጠቀምበት አሰበ። በተለምዶ መሀል ላይ የሚቀመጠውን የደቂቃ ጎማ ወደ ጎን አወጣው። በተገኘው ቦታ ሚዛን ጎማውንና የሞላውን ቤት ማስፋት ቻለ። ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዘው ሚዛን ጎማ ትልቅ ሲሆን እንቅስቃሴና ንዝረት በቀላሉ አያናጋውም፤ አቆጣጠሩ ይረጋል። ለውድድር የተለዩት ማሽኖች 135-O ተባሉ። ሻርል ፍለክና ረኔ ጊጋክስ የተባሉ አስተካካዮች አንዱን ማሽን ለወራት ያጠኑትና ያርቁት ነበር። ዘኒት ከ1950 እስከ 1954 በተከታታይ አምስት ዓመት አንደኛ ወጣ። 135-O በአጠቃላይ ከ230 በላይ ሽልማት ወስዷል። እነዚያ ማሽኖች ለሽያጭ ታስበው አያውቁም፤ ውድድሩ ሲያበቃ ወደ መሳቢያ ገቡ።

በ2022 ዘኒት ከእነዚያ የውድድር ማሽኖች አሥሩን አወጣ። ፊሊፕስ የተባለው አጫራች ድርጅት ሐሳቡን አቀረበ፤ ስዊስ ውስጥ የሚሠራው ፊንላንዳዊው ካሪ ቩቲላይነን ክፍሎቹን በእጅ አሳመራቸው፤ በፕላቲነም ቀፎ ገብተው እያንዳንዳቸው ከመቶ ሺህ ፍራንክ በላይ ተሸጡ። ውበታቸው አያጠራጥርም። ቩቲላይነንም የፍለክንና የጊጋክስን ማስተካከያ እንዳያበላሽ መጠንቀቁ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ይህ ከመሳቢያ መቅዳት ነው። አሥር ነበሩ፣ አሥር ተሸጡ፤ ከእነሱ አንዱ ዘንጉ ቢሰበር የሚተካው በአንድ ታላቅ ባለሙያ እጅ ተቀርጾ ነው።

በ2025፣ በተመሠረተበት በ160ኛ ዓመት፣ ኩባንያው ሌላውን መንገድ ሄደ። 135ን ከባዶ አምርቶ በመሥራቹ በዦርዥ ፋቭር-ዣኮ ስም መነሻ ፊደላት በተሰየመ ሰዓት ውስጥ አስገባው። ዲዛይኑ የዦባን ነው፤ ጎን የወጣው የደቂቃ ጎማና ትልቁ ሚዛን ጎማ አሉ፤ ምቱም በሰዓት ያው 18,000 ነው። የሚሠራበት ጊዜ ግን ከ40 ሰዓት ወደ 72 ሰዓት ረዝሟል። የመጀመሪያዎቹ 160 ብቻ ናቸው፤ ዋጋቸውም ከተራ ሰው አቅም እጅግ የራቀ ነው። ሆኖም አንድ ነገር ተመልሷል። ለመጨረሻ ጊዜ በ1962 የተመረተን ማሽን ክፍሎች ዛሬ መቁረጥ፣ መግጠም፣ ማስተካከል የሚችሉ ሠራተኞች ለ ሎክል ውስጥ እንደገና አሉ። «ንጹሕ አይደለም፣ ተነካክቷል» ለሚሉት ሰብሳቢዎች መልሴ፣ ዦባን ራሱ ሞላውን ሰባ ሁለት ሰዓት ማስኬድ ቢችል ኖሮ እምቢ ይል ነበር ብዬ አላምንም የሚል ነው። ሁለቱን ከፊቴ ቢያስቀምጡልኝ የ2025ቱን እመርጣለሁ።

ስለ ገንዘቡ ምክንያትም ዝም ማለት አይገባም። ለብዙ አሥርት ዓመታት እጅግ በርካታ የስዊስ ስያሜዎች ኢቲኤ ከተባለ አንድ ፋብሪካ ማሽን ገዝተው ስማቸውን ብቻ ይጽፉበት ነበር። የኢቲኤ ባለቤት ስዋች ግሩፕ በ2002 ያላለቁ ማሽኖችን ለሌሎች ማቅረብ እንደሚያቆም አስታወቀ። ጉዳዩ በስዊስ የውድድር ባለሥልጣን ዘንድ ለዓመታት ቢጓተትም ሁሉም የራሱን ማሽን እንዲያስብ አስገደደ። ታሪክ ያለው ማሽን ማንሣት አዲስ ከመንደፍ ይልቅ ለገዢው የሚነገር ነገር ይሰጣል። ይህን እንደ ነቀፌታ አላነሣውም፤ ከንግድ ውጭ የሚኖር የእጅ ሙያ የለምና።

ከሁሉም ክርክር ያስነሣው መንገድ በአሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ በፎርት ኮሊንስ ከተማ ያለው ነው። አሜሪካ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የኪስ ሰዓት ኃያል ነበረች። በ1891 ኦሃዮ ውስጥ ኪፕተን አጠገብ ሁለት ባቡሮች ተጋጭተው ሰዎች ካለቁ በኋላ የባቡር መሥመሮች የሠራተኞቻቸውን ሰዓት ጥራት በጥብቅ መቆጣጠር ጀመሩ። ዋልተም፣ ኤልጂንና ሀሚልተን ለዚህ ገበያ እጅግ ጠንካራ ማሽኖች ሠሩ። የወርቅ ዋጋ ሲወደድ ግን የወርቁ ቀፎ ይቀልጣል፤ ማሽኑ ያለ ቤት ይቀራል። ቮርቲክ የተባለው ትንሽ ድርጅት እነዚያን የተራቆቱ ማሽኖች ገዝቶ፣ አድሶ፣ በአዲስ ቀፎ የእጅ ሰዓት ያደርጋቸዋል። የጥንቱ የቁጥር ገጽ ላይ ያለውን የሀሚልተን ስምም እንዳለ ይተወዋል።

ዛሬ የስዋች ግሩፕ አካል የሆነው ሀሚልተን «ስሜን ያለ ፈቃድ ተጠቀመ» ብሎ ቮርቲክን በ2017 ከሰሰ። ኒው ዮርክ ያለው የፌዴራል ፍርድ ቤት በ2020 ለቮርቲክ ፈረደ፤ የይግባኝ ፍርድ ቤቱም በ2021 አጸናው። ዳኞቹ የተመለከቱት ገዢው ተታሏል ወይ የሚለውን ነበር። ማሽኑ ጥንታዊና የታደሰ መሆኑን፣ ቀፎው የቮርቲክ መሆኑን ድርጅቱ በግልጽ ተናግሯልና አልተታለለም። ይህ ፍርድ ለእኔ ከሰዓት ያለፈ ነገር አለው። ከመቶ ዓመት በፊት በላንካስተር ፔንሲልቬንያ፣ በሀሚልተን ፋብሪካ፣ አንድ ሰው የሠራውን ዕቃ ዛሬ አንድ ሌላ ባለሙያ አድሶ እውነቱን እየተናገረ ሊሸጠው ይችላል ማለት ነው። የስም ባለቤትነት ዕቃው በሕይወት እንዳይኖር መከልከያ አይሆንም።

አሁን ወደ መለኪያዬ ልድረስ፤ እዚህ ላይ ነው ትልልቆቹ ኩባንያዎች የሚያሳዝኑኝ። በአንድ እጃቸው የጥንት ማሽን ያነሣሉ፤ በሌላው የጥገናውን በር ይዘጋሉ። የአውሮፓ ገለልተኛ ሰዓት ጠጋኞች ማኅበር አምራቾቹ መለዋወጫ ከፈቀዱላቸው ጥቂቶች በቀር ለማንም አይሸጡም ሲል በ2004 ለአውሮፓ ኮሚሽን አቤት አለ። ኮሚሽኑ በ2008 አቤቱታውን ጣለው፤ ፍርድ ቤት በ2010 ውሳኔውን ሻረ። ኮሚሽኑ በ2014 እንደገና ጣለው፤ በ2017 ፍርድ ቤቱ ተስማማ። የተቀበሉት ክርክር ጥራትን ለመጠበቅ ጥገናው በተመረጡ ቤቶች እንዲወሰን ማድረግ ተገቢ ነው የሚል ነው። በዚህ መሀል ስዋች ግሩፕ በአውሮፓ ለመለዋወጫ ጅምላ ሻጮች ማቅረቡን በ2015 መጨረሻ አቆመ።

የጥራቱን ክርክር አላናንቅም። ያልሠለጠነ እጅ የገባበት ክሮኖግራፍ ምን እንደሚሆን የሚያውቀው ከእሱ ቀጥሎ የሚፈታው ሰዓት ሠሪ ነው። ነገር ግን ቬርሞ ሰገነት ላይ ያወጣው ዕውቀት የአንድ ቢሮ ብቻ እንዲሆን አልነበረም። በፒያሳ ወይም በመርካቶ በጠባብ መስኮት ጀርባ ተቀምጦ በዓይኑ ላይ ማጉያ ያሰረ ሰዓት ሠሪ ከአባት የተወረሰ ኦሜጋ ሲመጣለት ምን ያደርጋል? ከሞተ ሰዓት ክፍል ነቅሎ ለዚያኛው ያውላል። የሞቱትም እያለቁ ነው። ለእሱ የተሟላ ክፍልና የአሠራር መመሪያ በሕጋዊ መንገድ የሚደርሰው የትኛው ነው ቢባል፣ በፕላቲነም ከተነሣው የስዊስ ማሽን ይልቅ በጠረጴዛው ላይ የሚገኘው የቲያንጂኑ ነው።

ስዊሶችና ፈረንሳዮች በ2020 የሞላ ሰዓት ሥራ ጥበብን በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ዝርዝር ውስጥ አስመዝግበዋል። የተመዘገበው ዕቃው ሳይሆን ሙያው ነው፤ ሙያ ደግሞ ክፍልና ንድፍ ከሌለው አይተላለፍም። አንድን ማሽን ከመቃብር ያወጣ ኩባንያ የክፍሎቹን ልክ አትሞ ቢያወጣ፣ ተፈላጊዎቹን መለዋወጫዎችም ችሎታውን በፈተና ላሳየ ለማንኛውም ሰዓት ሠሪ ቢሸጥ ምን ያጣል? የ321 ንድፍ ከሰማንያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የሚሰረቅ ምሥጢር የለውም። ገዢው የሚከፍለው ለስሙ፣ ለአጨራረሱና ለታሪኩ ነው፤ እነዚያን ማንም ሊወስድበት አይችልም።

ይህ ሩቅ ጥያቄ አይደለም። አዲሱ 321 በብረት ቀፎ ለገበያ የቀረበው በ2020 ነው። የሞላ ክሮኖግራፍ በአምስትና በስምንት ዓመት መካከል ተፈትቶ መታጠብና ዘይቱ መቀየር ይኖርበታል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች ለሙሉ ጥገና የሚገቡበት ጊዜ አሁን እየደረሰ ነው፤ በዓለም ዙሪያ ስንት ጠረጴዛ ላይ ሊከፈቱ እንደሚፈቀድላቸው የሚወስነው ደግሞ ኦሜጋ ነው።